አንድ ምስክር በሁለት አፍ

እኛ ተሳፋሪዎች የምናጨበጭበው አውሮፕላን ሲያርፍ ነው። ሲነሳማ ማን ልብ ይለዋል! ቀበቶ እናስራለን፣ ስልክ እንዘጋለን፣ በመስኮት ቁልቁል ከተማዋን እንሰናበታለን። ከፊት የተቀመጡት ሁለቱ ሰዎች ግን ደመና ውስጥ ከገቡ በኋላ ምንም አያዩም። ተራራውን የሚያመልጡት ወረቀት ላይ በሰፈረ የመነሻ መመሪያና መሣሪያዎቻቸው በሚነግሯቸው ነገር ነው። የዛሬው ወጌ መሬት ላይ ያሉት የሬዲዮ ጣቢያዎች ጥቂት ሲሆኑ ይህ መመሪያ በምን ላይ እንደሚቆም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መመሪያው ሁለት ጥያቄ ይመልሳል፦ በየት በኩል? እና ምን ያህል ሽቅብ? ለሁለተኛው ዓለም አቀፉ የተለመደ መልስ 3.3 በመቶ ነው፤ 1,000 ሜትር ወደፊት ሲኬድ ቢያንስ 33 ሜትር ወደላይ። ተራራ ካለ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ልብ በሉ፣ ልኬቱ በደቂቃ ሳይሆን በርቀት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለው ቦሌ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ አውሮፕላኑ ደግሞ የፍጥነት መለኪያው ከሚያሳየው በላይ ይከንፋል። በአጭሩ፣ ተራራው ዘንድ ቶሎ ይደረሳል፣ ከፍታው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

«በየት በኩል?» የሚለው ነው አስቸጋሪው። ቪኦአር የሚባለው ጣቢያ አብራሪው ከጣቢያው በየትኛው አቅጣጫ እንዳለ ይነግረዋል፣ ዲኤምኢ ደግሞ ርቀቱን። ደግ ነገር ነው። ግን ሞገዱ ተራራ ሰንጥቆ አያልፍም፤ ገና ዝቅ ብሎ ከጋራ ጀርባ ያለ አውሮፕላን ላይሰማው ይችላል። ከጣቢያው በራቁ ቁጥር ስህተቱም ይሰፋል፤ 60 ማይል ላይ የ1 ዲግሪ ስህተት 1 ማይል ከመንገድ ያስወጣል። ጣቢያ ጨርሶ ከሌለስ? መመሪያው «ቀጥ ብለህ እዚህ ከፍታ ድረስ ውጣ፣ ከዚያ ታጠፍ» ሊል ይችላል። ኮምፓስና ከፍታ መለኪያ ብቻ ማለት ነው። ነፋስ ወደ ጎን ቢገፋው አብራሪው ራሱ ካላሰላው በስተቀር ኮምፓሱ አይነግረውም።

«ታዲያ ጂፒኤስ እያለ ምን አደከመን?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሳተላይት ብዙ ነገር አቅልሏል። የአሮጌው ጣቢያ ወዳጆችም «የድሮው ይሻላል» ይላሉ። እኔ ሁለቱንም ወገን አልቀበልም።

ለአሮጌው ወዳጆች መልሱ እዚሁ አዲስ አበባ አለ። መጋቢት 22 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2003) የብሪቲሽ ሜዲትራኒያን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ320 ቦሌ ለማረፍ ሲመጣ፣ የከተማዋ ቪኦአር አንቴና ውስጥ ውሃ ገብቶ ጣቢያው የተሳሳተ አቅጣጫ ይናገር ነበር። አውሮፕላኑ ከአንድ ጋራ በላይ በ56 ጫማ አለፈ። 17 ሜትር ገደማ! ሰው አልሞተም። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፦ የአውሮፕላኑ ኮምፒውተር ቦታውን ያሰላው በዚያው ጣቢያ ነበር፤ የተራራ ማስጠንቀቂያውም ያንኑ ስሌት አምኖ ነበርና በጊዜ አልጮኸም። አንድ ምስክር በሁለት አፍ ተናገረ፣ ሁለት ምስክር መሰለ። ይህ የሆነው በማረፍ ላይ ነው፤ ግን በተሳሳተ ጣቢያ ተመርቶ የሚነሳም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም።

ለጂፒኤስ ወዳጆች ደግሞ ኢስቶኒያን ልጥቀስ። በ2024 እ.ኤ.አ. የፊንላንዱ ፊንኤር ወደ ታርቱ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር ገደማ አቋረጠ። የጂፒኤስ ምልክት ይታወክ ነበር፣ ታርቱ ላይ ደግሞ አየር መንገዱ ለማረፍ የሚጠቀምበት መመሪያ የቆመው በጂፒኤስ ላይ ነበር። በረራው የቀጠለው ያለ ጂፒኤስ የሚሠራ መመሪያ ከተዘጋጀ በኋላ ነው።

ስለዚህ ክርክሩ አሮጌና አዲስ መሆን የለበትም። ጥያቄው «ሁለተኛው ምስክር ማነው? ከመጀመሪያውስ ጋር ሳይመካከር የመጣ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ተራራ የከበበው አየር ማረፊያ ሁሉ ያለ ሳተላይት የሚሠራ አንድ የመነሻ መንገድ ሊኖረው ይገባል፤ ጣቢያውም በየጊዜው በአውሮፕላን ሊፈተሽ። ገንዘብ ያስወጣል? አዎ። አሜሪካ እንኳን ቪኦአሮቿን ስትቀንስ ጨርሳ አልነቀለችም፤ ጂፒኤስ ቢጠፋ አብራሪ በ100 ማይል ውስጥ ያለ እሱ የሚያርፍበት ቦታ እንዲያገኝ የተወሰኑትን አስቀርታለች። ተማሪ አብራሪም ካርታው ስክሪን ላይ ሲጠፋ በመርፌ፣ በሰዓትና በነፋስ ስሌት መነሳትን በእጁ ይልመድ። ከመነሳቱ በፊት «ይሄ መሣሪያ አሁን ቢሞትብኝ ወዴት እዞራለሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልስ ከሌለው አይነሳ።

እኛስ? የእኛ ድርሻ ቀላል ነው። ካፒቴኑ «ደመናው እስኪገልጥ እንጠብቃለን» ሲል ስልክ አውጥተን አየር መንገዱን መስደብ ለምዶብናል። ምናልባት ሰውዬው ሁለተኛ ምስክር እየፈለገ ይሆናል። ያግኝ፣ እንጠብቀው።

ቸር እንሰንብት!