የሰው ቤት ጠብቀን ስንመለስ

በዚህ ዕትም በባልና ሚስት መካከል ስላለው የገንዘብ አያያዝ የጀመርኩትን ልቀጥል አስቤ ነበር። ነገር ግን ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት ወጣት እናት ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝና ሐሳቤን አስቀየረችኝ። ዘመዶቻቸው ለሦስት ሳምንት ወደ ውጭ አገር ስለሚሄዱ፣ “ቢሾፍቱ ያለውን ቤታችንን ጠብቁልን፤ እግረ መንገዳችሁንም ዕረፉበት” ብለዋቸዋል። ባሏ በደስታ ተቀብሏል። እርሷ ግን እንቅልፍ አጥታለች። “የአምስት ዓመት፣ የሦስት ዓመትና የዘጠኝ ወር ልጆች ይዤ የሰው ቤት ልገባ! ሲመለሱ ቤታቸው ምን መስሎ ይቆያቸው ይሆን?” አለችኝ።

ሳቅሁ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም፤ የራሴ ታሪክ ትዝ አለኝ። በዚህ ዓምድ ላይ ጽፌው አላውቅም። አሁንም የምጽፈው ልጄን አስፈቅጄ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ክረምት ነው። ሐዋሳ የሚኖሩ፣ በአገልግሎት የምናውቃቸው ባልና ሚስት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ቤታቸውን ለአሥራ ሁለት ቀን ለእኛ ተዉልን። የሚጠበቅብን ጥቂት ነበር፤ ቤቱ ባዶ እንዳይመስል ማታ ማታ መብራት ማብራት፣ በረንዳው ላይ ያሉትን አበቦች ውሃ ማጠጣት፣ ውሻውን ማብላት። የቤት ሠራተኛቸውም በዚያው አጋጣሚ ዕረፍት ወጥታ ወደ ወላጆቿ ሄዳለች። ልጆቻችን ያኔ የዘጠኝ፣ የስድስትና የሁለት ዓመት ነበሩ። ለአምስት ሰው አሥራ ሁለት ቀን ሆቴል መክፈል ለእኛ የማይታሰብ ነገር ነውና ስጦታው ትልቅ ነበር።

ገና በሩን እንደ ገባን ልጆቹን አሰለፍኳቸው። “ስሙኝ! ከዚህ ቤት አንድ ነገር ሰብራችሁ ብታዋርዱኝ...” አልኩና ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ጣቴን አሳየኋቸው። እናቶች ሆይ፣ ይህችን ጣት ታውቋታላችሁ።

ዕረፍቱ ግሩም ነበር። ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር እንሄዳለን፤ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ አጥማጆቹ ሲያራግፉ እናያለን፤ ልጆቹ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ማን ቀድሞ ይሸሻል እያሉ ይጫወታሉ። በመጨረሻው ቀን ማታ ቆሮሶ ገዝተን ቤት ውስጥ ጠበስን። ባለቤቴ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ስብሰባ ነበረበት። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ካልወጣን አለ። እኔ በአንድ እጄ ሕፃኑን፣ በሌላው መጥረጊያ ይዤ ከክፍል ክፍል እሮጣለሁ። እርሱ ሻንጣዎቹን ጫነና መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጡሩምባ ነፋ። ፓስተር ሆኖ ጡሩምባ! ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። እስከ ዝዋይ ድረስ አልተነጋገርንም።

ያን ጠዋት የረሳሁት ነገር ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን የቆሻሻ ባልዲ ነበር። የዓሣው አጥንትና ጭንቅላት እዚያው ቀረ። አባ ኮዳዎቹ አድራሻውን ቢያውቁት እንዴት መልካም ነበር! ሠራተኛዋ ከአምስት ቀን በኋላ ስትመለስ በሩን የከፈተችው እርሷ ናት። ምን እንደ ተቀበላት መገመት ትችላላችሁ። ዕረፍቷን የጨረሰችው የእኛን ቆሻሻ በመጥረግ ነው። ለባለቤቲቱ ደውዬ ይቅርታ ስጠይቅ፣ “ምንም አይደል፣ ልጆች ባሉበት ይህ ያለ ነው” አለችኝ። እኔም አመንኳት።

ሁለት ዓመት አለፈ። በ2013 ዓ.ም. አራት ልጆች ያሉት አንድ የአገልጋይ ቤተሰብ ለጥቂት ቀን ማረፊያ ፈለገ። ባለቤቴ እነዚያኑ ባልና ሚስት ጠየቃቸው። መልሳቸው ትሕትና የተሞላበት ነበር፤ “ከእንግዲህ ቤታችንን ለማንም ላለመስጠት ወስነናል” አሉ። ነገሩ ልቤን ወጋኝ። በዚያው ዓመት ለሴቶች ጉባኤ ሐዋሳ ስሄድ ቤቷ ሄድኩ። ቡና አፈላችልኝ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ፣ “እትዬ፣ በዚያ ዓሣ ምክንያት ነው አይደል?” አልኳት።

“ዓሣውማ ሽታ ነው፤ መስኮት ሲከፈት ይወጣል” አለች። ከዚያ ተነሥታ ከቁም ሣጥን ውስጥ አንዲት ትንሽ የልጅ ካልሲ አመጣች። ውስጡ የተሰባበረ ስኒ አለ። በሞት የተለዩዋት እናቷ ካወረሷት ስድስት ስኒዎች አንዱ ነበር። እኛ ከሄድን ከወራት በኋላ ሶፋው ሲነሣ ከኋላው ተገኘ።

“መሰበሩ አይደለም የኔ እህት፤ ልጅ ይሰብራል” አለችኝ። “አንቺ አይተሽ የደበቅሽው መስሎኝ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ ቆመሽ ስታስተምሪ ባየሁ ቁጥር ያ ካልሲ ነው የሚታየኝ።”

ካልሲው የልጄ ነበር። ቤቴ ስገባ ለብቻዋ ጠርቼ አሳየኋት። ያኔ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። “ብትሰብሩ ታዋርዱኛላችሁ ብለሽ ነበር እኮ። እንዳላዋርድሽ ብዬ ነው” አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ይዛ ኖራለች! ሐዋሳ የሚል ቃል በተነሣ ቁጥር ለምን ከክፍሉ እንደምትወጣ ያን ቀን ገባኝ።

እንግዲህ ያቺ ወጣት እናት የጠየቀችኝ ስለ ጽዳት ነው። እኔ ግን ከጽዳቱ በፊት ይህን ነገርኳት። አሁን የሰው ቤት ስንገባ ጣቴን አላነሣም። ልጆቹን ሰብስቤ፣ “በዚህ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ሊሰበር ወይም ሊበላሽ ይችላል። የተሰበረውን ይዞ ለሚመጣ ሰው ቁጣ የለም፤ አብረን ለባለቤቶቹ እንነግራለን” እላለሁ። መናገሩ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ልጄ የተሰበረ የመብራት ሽፋን ይዞ ሲመጣ ቁጣዬን ለመዋጥ ወደ መታጠቢያ ክፍል ገብቼ ፊቴን መታጠብ ነበረብኝ። ግን ይዞ መጣ! በዚያው ሰዓት ደወልን፤ እርሱ ራሱ ተናገረ።

በእንግድነት መሄድና ቤት መጠበቅ አንድ አይደሉም። እንግዳ ስትሆኑ አስተናጋጅ አለ፤ ያነሣል፣ ይጠርጋል። ቤት ጠባቂ ስትሆኑ ግን አስተናጋጁም እንግዳውም እናንተ ናችሁ። ሱነማዊቷ ሴት ለኤልሳዕ ክፍል ሠርታ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ እንዳዘጋጀችለት እናነባለን (2ኛ ነገሥት 4)። ኤልሳዕ ክፍሉን እንዴት አድርጎ እንደሚተወው አልተጻፈም። ደግሞም የሁለት ዓመት ልጅ ይዞ አልሄደም።

የጽዳቱ ሥራ የሚጀምረው በገባችሁበት ሰዓት ነው። ሻንጣ ሳይፈታ እያንዳንዱን ክፍል በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። በአሥረኛው ቀን ያ የአበባ ማስቀመጫ የት እንደ ነበር ማን ያስታውሳል? ቀጥሎ የሚሰበረውን ሁሉ ከፍ ወዳለ ቦታ አውጡ፤ የማትፈልጉትን ክፍል ዝጉ። ያልተገባበት ክፍል አይጸዳም። ምግብ ከመመገቢያው ጠረጴዛ ውጪ እንዳይወጣ ከመጀመሪያው ቀን ሕግ አድርጉት። አንሶላና ፎጣ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ይህ አንድ ሻንጣ ይጨምራል፣ ነገር ግን በመጨረሻው ቀን እርጥብ አንሶላ ለሰው ትቶ ከመሄድ ያድናል። በክረምት የታጠበ ነገር በአንድ ቀን አይደርቅም፤ እርጥቡን አጣጥፋችሁ ብታስቀምጡት ይሸታል፣ ይሻግታል።

ማታ የሚሸና ልጅ ካለ ከአንሶላው ሥር የሚነጠፍ ላስቲክ አትርሱ። አምልጦ ፍራሹ ላይ ከደረሰ አትሹት፤ ሲታሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ደረቅ ጨርቅ ጫን እያደረጋችሁ አስመጥጡት፤ ኮምጣጤ በእኩል ውሃ በጥብጣችሁ በጥቂቱ ንኩት፤ ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ ለሰዓታት ተዉትና አራግፉት፤ ፀሐይ ካለ አውጡት። እዚህ ላይ እባካችሁ በረኪና አታፍስሱ። ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀልም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ የሚወጣው ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ነው። ብዙዎቻችን “አንዱ ካላጸዳ ሁለቱ ያጸዳሉ” እያልን ሕፃናት ባሉበት ጠባብ ክፍል ውስጥ እናደርገዋለን።

ሶፋ ላይ ወጥ ወይም ቅቤ ከፈሰሰ ወዲያው ዱቄት ነስንሱበት፤ ቅባቱን ይመጥጠዋል። ከዚያ ዱቄቱን አንሥታችሁ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በቀስታ ጥረጉት። ግድግዳ ላይ በከለር ለተሳለው ሥዕል ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ላይ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ አድርጉ፤ የግድግዳው ቀለም አብሮ እንዳይለቅ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩት። ከለቀቀ ተዉትና ተናገሩ። በግድ ታሽቶ የነጣ ግድግዳ ከሥዕሉ የባሰ ያስቀይማል። ዳይፐርና ዋይፕስ ሽንት ቤት ውስጥ እንዳይጣል ልጆቹንም ራሳችሁንም አስጠንቅቁ፤ ቱቦው የሚዘጋው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው።

ትልቁን ጽዳት ለመጨረሻው ጠዋት አታቆዩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በዚያ ጠዋት ውሃ ላይኖር ይችላል። ከመነሣታችሁ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ወለሉንና መታጠቢያ ቤቱን እጠቡ፤ ውሃ ሲመጣም ሮቶው እንዲሞላ አድርጉ። የመጨረሻው ማታ ምግብ ቀላል ይሁን፤ ዓሣ አይሁን! ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚበላሽ ነገር አይቅር፤ እንጀራ እንኳ በጥቂት ቀን ይሻግታል። ባለቤቶቹ ማቀዝቀዣው እንዲጠፋ ከፈለጉ አድርቃችሁ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። መብራቱ በካርድ የሚሞላ ከሆነ የተጠቀማችሁበትን ያህል ሙሉ። ጠዋት የሚቀረው መጥረግ፣ ቦይለር ማጥፋትና ቆሻሻ ማውጣት ብቻ ነው። በእኛ ቤት የቆሻሻ ባልዲው አሁን የባለቤቴ ድርሻ ሆኗል። ጡሩምባውን በተመለከተም ተስማምተናል፤ የመነሻውን ሰዓት የሚወስነው መጥረጊያ የያዘው ሰው ነው። ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ ይይዘዋል፤ ያኔ ቶሎ እንነሣለን።

ልጆችም ይሥሩ። የሦስት ዓመት ልጅ መጫወቻውን ለቅሞ ቅርጫት ውስጥ ይጨምራል። የአምስት ዓመቷ በእርጥብ ጨርቅ የበሩን የታችኛ ክፍል ትጠርጋለች፤ የእጅ አሻራውም የሚገኘው እዚያው እርሷ ቁመት ላይ ነው። ከአልጋ ሥርና ከሶፋ ኋላ የሚፈትሽ አንድ ልጅ እኛ ሁልጊዜ እንመድባለን። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። “ሠራተኛዋ ታጸዳዋለች” የሚለውን ቃል ግን በልጆቻችሁ ፊት አትናገሩ። እኔ ሐዋሳ ለዚያች ልጅ ይቅርታ የጠየቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እርሷ ሳቀች፣ እኔ አፈርኩ።

ከዚያ ጉዞ ከተመለስኩ በኋላ ልጄ በእጇ ደብዳቤ ጻፈች። እኔና እርሷም መርካቶ ወርደን የሚመሳሰል ስኒ ስንፈልግ ዋልን። አላገኘንም፤ የቀረበውን ገዝተን ላክን። በቀጣዩ ዓመት ሁላችንም ሐዋሳ ስንሄድ እትዬ ቡና አፈላች። አምስቱ የእናቷ ስኒዎችና ያ አንዱ ለየት ያለው ረከቦቱ ላይ ተደርድረው ነበር። ልጄ ቡና አትጠጣም፤ እትዬ ግን በለየት ያለው ስኒ ሻይ ቀድታ ሰጠቻት። ቤታቸውን ለሌላ ሰው ይስጡ አይስጡ አልጠየቅናቸውም።

ያቺ ወጣት እናት የቢሾፍቱውን ቁልፍ የምትቀበለው በመጪው ሳምንት ነው። ላስቲኩን ከእኔ ወስዳለች። ባሏንም አነጋግሬዋለሁ፤ የባልዲውን ነገር ተቀብሏል። በሚቀጥለው ዕትም ወደ ገንዘቡ ጉዳይ እንመለሳለን። እስከዚያ ሰላም ቆዩ።