ፒያሳን በእግሬ ዞርኳት፤ የፈረመው ሰው ይታወቅልን!

ለቡና ብዬ ነበር የወጣሁት። ዕለቱ ጊዮርጊስ ነበርና ሚኒባሱ ነጠላ በለበሱ እናቶች ተሞልቷል። አደባባዩ ጋ ወረድኩና እግሬ እንደ ልማዱ ወደ ታች ጀመረ። ብዙም ሳልሄድ ቆምኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔን ጨፍኜ በምሄድበት ሰፈር አቅጣጫ ጠፋኝ! ውድ አንባብያን፣ በገዛ ከተማችሁ መንገድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠየቅሁ። የጠየቅሁት የጥበቃ ሠራተኛም ፈገግ ብሎ፣ «እኔም ለቦታው አዲስ ነኝ ወንድሜ» አለኝ።

ቡናው ቀረ። «እስቲ የቀረልንን ልቁጠር» ብዬ ወደ አደባባዩ ተመለስኩና በእግሬ ጉዞ ጀመርኩ።

ቆጠራው የሚጀምረው ከእምዬ ምኒልክ ሐውልት ነው። በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ሰሞን የቆመው ይህ ፈረሰኛ፣ ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. በሌሊት ነቅሎ የደበቀው ነው። በቀን ያላደረገው ሕዝቡን ስለፈራ ነበር። ነጻነት ሲመለስ ሐውልቱም ተመለሰ። ከጀርባው ስምንት ማዕዘኑ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ታቦቱ ዐድዋ ዘምቷል። በ1909 ንግሥት ዘውዲቱ፣ በ1923 ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው። እነዚህ ሁለቱ አሉ፤ ተመስገን።

ራቅ ብሎ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. «ለፋሽስት አልገዛም፣ ሕዝቤም እንዳይገዛ» ብለው በጥይት የተደበደቡት አባት ናቸው። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር ሥራ ሲነቀል ስንቱ ሰው በጭንቀት እንደዋለ የምናስታውስ እናስታውሳለን። «አይመለስም» ያልን ብዙዎች ነበርን። በ2008 ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር፣ ተሳስተን በመገኘታችን ደስ አለን።

ነገር ግን ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንያዝ። ሐውልት ተነቅሎ ይቀመጣል፣ ተመልሶም ይተከላል። ከእንጨትና ከጭቃ፣ ከድንጋይና ከቆርቆሮ የተሠራ የመቶ ዓመት ቤት ግን አንዴ ዶዘር ከነካው የት ተቀምጦ ይመለሳል?

አጠገቡ የዐድዋ ድል መታሰቢያ ነው። የካቲት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ግዙፍ ነው፣ ያምራል። ለዐድዋ ይህ ሲያንስ ነው እላለሁ። ግን ከምረቃው በኋላ ብዙም ሳይቆይ የሆነውን ልብ በሉ። በመጋቢት 2016 «የኮሪደር ልማት» ተባለና ዶዘሩ ፒያሳ ገባ። ከዐድዋ የተመለሱት ሰዎች የሰፈሩበትን፣ የነገዱበትን፣ ልጅ ያሳደጉበትን መንደር ድሉን በምንዘክርበት ሙዚየም ደጃፍ አፈረስነው! የድሉን ፎቶግራፍ በመስታወት ውስጥ አስቀምጦ የባለ ድሉን ቤት መናድ ምን ዓይነት መዘከር ነው?

ወደ ጣይቱ ሆቴል አቀናሁ። እቴጌ ጣይቱ ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ያቋቋሙት፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል መሆኑን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲጋይ ብዙዎቻችን አለቀለት ብለን ነበር። ከሆቴሉ ጋር ጃዛምባም ነደደ። ሆቴሉ ግን ተጠግኖ እንደገና እንግዳ ተቀበለ። የእንጨት ፎቅ፣ ያውም የተቃጠለ፣ መጠገን ይቻላል ማለት ነው። ስለዚህ «አርጅቷል፣ አይጠገንም» የሚለን ሰው መጀመሪያ ጣይቱ ሆቴልን አይቶ ይምጣ።

ሀገር ፍቅርም አለ። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወርረን ሲያሰፈስፍ ሕዝብ ለመቀስቀስ የተቋቋመው ማኅበር ዛሬም በስሙ ይጠራል። በአርመን፣ በሕንድና በግሪክ ግንበኞችና ነጋዴዎች እጅ የተሠሩ፣ የእንጨት ሰገነት ያላቸው ጥቂት ፎቆችም እዚህና እዚያ ብቅ ይላሉ። ዋናው መንገድ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መተላለፊያ ተነጥፏል፣ መብራቱ ደምቋል። ለዓይን ይማርካል። ይህንን መካድ አይገባም።

ከዋናው መንገድ ዘወር ስንል ግን ሌላ ነው። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር የት ሄደ? ጥብስ ሲሸት አፍንጫችን የሚመራን፣ ደሃውም ሀብታሙም በአንድ ጠባብ በር የሚገባበት፣ «አራዳ» የሚለውን ቃል ለአማርኛችን የሰጠ የአራዳ ልብ ነበር። ዛሬ ስሙ እንጂ ሰፈሩ የለም።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን መልስ በመቋሚያቸው ወደ አንድ ቦታ ሲያመለክቱ አየሁ። ለልጅ ልጃቸው «ቤታችን እዚህ ጋ ነበር» እያሉ ነው። ቀረብ ብዬ «እማማ፣ አሁን የት ነዎት?» አልኳቸው።

«ከከተማው ዳር ነኝ ልጄ። ኮንዶሚኒየም ሰጥተውኛል። ሽንት ቤት ውስጡ አለው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ስለዚህስ አላማቸውም። ለጊዮርጊስ ሁለት ታክሲ ይዤ ነው የመጣሁት። እኔን ያቃጠለኝ እድራችን መበተኑ ነው። አርባ ዓመት ከፍዬ፣ ስንቱን ቀብሬ… እኔን ማን ይቀብረኛል?»

መልስ አልነበረኝም። እናንተስ አላችሁ?

እንግዲህ ቤት ማለት ግድግዳ ብቻ እንዳልሆነ እኚህ እናት በሁለት አፍ አስረድተውኛል። እድሩ፣ ጽዋው፣ ዱቤ የሚሰጠው ባለ ሱቅ፣ የጎረቤት ልጅ የሚቆጣው ሽማግሌ፣ ይህ ሁሉ ከግድግዳው ጋር ተናደ። ካሳ የሚሰላለት በካሬ ሜትር ነው። እድር ስንት ካሬ ሜትር ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ባለሥልጣኖቻችን «ቤቶቹ አርጅተዋል፣ ለሰው መኖሪያ አይመጥኑም» ይሉናል። ልክ ናቸው! ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ እየደረደረ ያደረ፣ በአንድ ሽንት ቤት ለሃያ አባወራ የተሰለፈ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ጭቃ ቤት ውስጥ ኖሮ የማያውቅ ብቻ ነው ጭቃ ቤትን ከሩቅ የሚያደንቅ።

ለመሆኑ ቤቶቹን ማን አስረጃቸው? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ ዝቅ ያለው ቤት ሁሉ ቀበሌ እጅ ገባ። ኪራዩ ያኔ ለደሃው እፎይታ ነበር፤ ኋላ ግን አንድ ማኪያቶ የማይገዛ ሆነ። በዚህ ኪራይ ማን ያድሳል? ቀበሌው ገንዘብ የለኝም ይላል። ተከራዩ በራሱ ኪስ ላድስ ቢል፣ ያለ ፈቃድ ሚስማር መምታት አትችልም ይባላል። ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ፣ ሄደ፣ ብልጽግና መጣ፣ አከራዩ ግን ያው አንድ ነው፦ መንግሥት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳያድስ ያስረጀው ባለቤቱ ራሱ፣ አሁን ደግሞ «አርጅቷልና ይፍረስ» ብሎ ይፈርዳል። ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ አፍራሹም አንድ ሰው! በሬውን አስርቦ «ከሳ» ብሎ የሚያርድ ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 የታሪክ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ቅርስን ለመንካት አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። እንግዲያው በመጋቢት 2016 ዶዘሩ ከመነሣቱ በፊት የትኛው ቤት ቅርስ ነው፣ የትኛው አይደለም ብሎ የለየው ማን ነው? ለየትኛው ቤት ፈቃድ ተጠየቀ? ማንስ ፈረመ?

ይህንኑ ልጠይቅ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የመጀመሪያው ቢሮ ወደ ሁለተኛው ላከኝ፣ ሁለተኛው «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» አለኝ፣ ሦስተኛው «ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። ደብዳቤ አመጣሁ። «ነገ ና» ተባልኩ። ነገም «ነገ» ነው።

እኔ ልማት ጠል አይደለሁም። ሰፊ መንገድም ንጹሕ ሽንት ቤትም ለሕዝቤ እመኛለሁ። የምጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ በከተማው ውስጥ ቅርስ ተብለው የተመዘገቡት ቤቶች ዝርዝር በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የፈረሰውም «ፈረሰ» ተብሎ የፈረመው ባለሥልጣን ስም ከጎኑ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ቤት ከመፍረሱ በፊት ነዋሪው የሚከራከርበት በቂ ጊዜና የሚሰማው ገለልተኛ አካል ይኑር፤ በቀናት ማስጠንቀቂያ የመቶ ዓመት ቤት አይፈረድበትም። ሦስተኛ፣ የቀሩት ይታደሱ፣ ሲታደሱም ነዋሪው ተመልሶ ይግባበት። ቀለም ተቀብቶ ቡና ቤት ብቻ የሆነ ሰፈር የፎቶ መነሻ እንጂ ሰፈር አይባልም።

መቼም ታሪክ ይደገማል ይባላል። ጣሊያን በወረራው ዘመን አዲስ አበባን በአዲስ ፕላን ሊሠራት ተነሣ። «ውብ ከተማ» ብሎ ያሰባት ነጭ መሃል፣ ሐበሻ ዳር የሚሰፍርባትን ነው። የአራዳን ገበያ ነቅሎ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ወሰደው። «ፒያሳ» የሚለውን ስም የተወልን እሱ ነው። ሐበሻን ከአራዳ አውጥቶ ዳር ማስፈር የማን ሐሳብ እንደነበር እንግዲህ ይታወቅ። ጣሊያን በአምስት ዓመት ያልጨረሰውን እኛ በጥቂት ወራት ጨረስነው መባልን የሚፈልግ ባለሥልጣን አለ ብዬ ማመን አልፈልግም። ከሌለ ዝርዝሩን ያውጣ!

ወደ ማታ ወደ አደባባዩ ተመለስኩ። እኚያ እናት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመዋል። የልጅ ልጃቸው «አያቴ፣ ቤታችን የነበረው በየት በኩል ነው?» ብላ ደግማ ትጠይቃለች። እሳቸውም ግራ ቀኝ አዩና መቋሚያቸውን ሳያነሡ ቀሩ። ለእሳቸውም አቅጣጫው ጠፍቷቸዋል።

ቸር ወሬ ያሰማን!