ደንቡ በወረቀት፣ አስታው በተራራ

አንድ ድርጅት አካባቢውን የሚጠብቅ መሆኑ የሚታወቀው በቢሮው ግድግዳ ላይ በሰቀለው ጽሑፍ ሳይሆን፣ ሠራተኛው አለቃ በማያየው ስፍራ በሚሠራው ሥራ ነው። ይህን ለመረዳት ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ስሜን ተራሮች መውጣት ይበቃል።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ዋልያው እየተመናመነ፣ እርሻውና ግጦሹም እየገፋ በመምጣቱ ግን በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ጋር ተቆጠረ። ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ጎብኚ ይዘው የሚወጡ ድርጅቶች ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ያማረ ቃል ይናገራሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን በሳንቃበር ወይም በግጭ ሌሊቱ ሲበርድ፣ ወደ አስታው እጁን የሚዘረጋው ወይም የሚሰበስበው ዲሬክተሩ አይደለም፤ ወጥ ቤቱና በቅሎ ጫኙ ናቸው። አስታ በዚያ ብርድ ቀስ ብሎ የሚያድግ እንጨት ነውና፣ በአንድ ምሽት የነደደውን ለመተካት ብዙ ዓመት ይጠይቃል።

ታዲያ ጥፋቱ የጫኙ ነውን? እኛ እንዲህ አንልም። ለወጥ ቤቱ በቂ ነጭ ጋዝ፣ ለጫኙ ብርድ ልብስና ድንኳን ሳያዘጋጁ «እንጨት እንዳትነኩ» ማለት ማላገጥ ነው። ደግሞም ተራው ሲደርሰው ለጥቂት ቀን ብቻ የሚቀጠር ሰው፣ የድርጅቱ ስም ቢከበር ወይም ቢዋረድ ምን ገዶት!

ተራራው ግን ይገደዋል። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. እሳት ፓርኩን በበላ ጊዜ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት ባለሙያዎች እስኪደርሱ ድረስ በእጃቸው ባገኙት ሁሉ ሲታገሉ የሰነበቱት የፓርኩ ጠባቂዎችና የአገሩ ሰዎች ነበሩ። ይህን ፍቅር ከውጭ የሚያስመጣ ድርጅት አያስፈልግም፤ የጎደለው ስንቁ ነው።

በከተማውም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ባለበት ጎንደር፣ የሆቴል ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ቀድማ የምታየው አንሶላ አጣቢዋ ናት። ብትናገር የሚሰማት ካጣች በሦስተኛው ቀን ዝም ትላለች።

ስለዚህ የስሜን መንገደኞች ጭነት ሲዘጋጅ፣ ነጭ ጋዙ በጎብኚው ቁጥር ብቻ ሳይሆን በሠራተኛውም ቁጥር ይሰላ። ዋጋውንም ለጎብኚው ገልጦ መንገር አያሳፍርም።