የእርጥብ መንደርደሪያ ሕግና የሚታመን ቃል

ዝናብ ለገበሬ በረከት ነው፤ ለአይሮፕላን ነጂ ግን ሒሳብ ነው። በደረቅ ቀን ያለ ጭንቀት የሚያርፍበት መንደርደሪያ ጥቂት ውሃ ሲተኛበት ጠባዩ ይለወጣል፤ ፍሬኑ እንደ ልማዱ አይዝም፤ አይሮፕላኑም ይቆምበታል ከተባለው ቦታ አልፎ ይሄዳል። ይህን ነገር የአብራሪዎች ጉዳይ ብቻ አድርጎ የሚመለከተው ሰው ብዙ ነው። እኛ ግን ጉዳዩ መሬት ላይ ቆሞ የመንደርደሪያውን ሁኔታ መርምሮ የሚያስታውቀውን ሠራተኛ ከአብራሪው ባላነሰ የሚመለከት መሆኑን፥ ስለዚህም በማናቸውም መሥሪያ ቤት ገብቶ ሪፖርት ለሚጽፍ ወጣት ሁሉ ትምህርት ያለበት መሆኑን በዛሬው ጽሑፋችን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ውሃ አይሮፕላንን እንዴት እንደሚያስት እንመልከት። ጐማ ኃይሉን የሚያገኘው መሬቱን በመንካቱ ነው። አይሮፕላን በታላቅ ፍጥነት በውሃ ላይ ሲሮጥ ግን ውሃው ከጐማው ሥር ሸሽቶ ለመውጣት ጊዜ ያጣና በጐማውና በመሬቱ መካከል ገብቶ ጐማውን ያነሣዋል። በዚያን ጊዜ ፍሬን ቢረገጥ ጐማው ይቆማል እንጂ አይሮፕላኑ አይቆምም። በ1950ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት የናሳ ሊቃውንት ይህን መርምረው፥ ጐማው በውሃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት በውስጡ ባለው የአየር ግፊት የሚወሰን መሆኑን አስረዱ። ግፊቱ በአንድ ካሬ ኢንች 200 ፓውንድ የሆነ ጐማ በሰዓት 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ሊንሳፈፍ ይችላል። ትላልቆቹ የጄት አይሮፕላኖች ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሬት የሚነኩት ከዚህ በሚበልጥ ፍጥነት ነው። በብዙ አገር በመንደርደሪያው ላይ ወርዳቸውም ጥልቀታቸውም 6 ሚሊ ሜትር ያህል የሆኑ ቀጫጭን ቦዮች የሚቈረጡት ውሃው በእነርሱ በኩል እንዲሸሽ ነው።

ውሃና በረዶ የሚጐዱት በማረፍ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በመነሣትም ጊዜ ነው። ጥር 29 ቀን 1950 ዓ.ም. (በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958) የእንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ቡድን የማንቸስተር ዩናይትድ ተጫዋቾችን የያዘ አይሮፕላን ከሙኒክ ከተማ ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ፍጥነቱ በሰዓት 217 ኪሎ ሜትር ያህል ከደረሰ በኋላ፥ መጨመር ሲገባው ወደ 194 ወረደ። ለመነሣት ፍጥነት አነሰው፤ ለመቆምም ቦታ አጣ። ከተሳፈሩት 44 ሰዎች 23ቱ ሞቱ።

የጀርመን መርማሪዎች ጥፋቱን በክንፉ ላይ በረጋ በረዶ አመካኙ፤ ክንፉን አላስጠረገም ተብሎም የአይሮፕላኑ አዛዥ ካፒቴን ጄምስ ቴይን ተወቀሰ፤ ከሥራውም ወጣ። እርሱ ግን ምክንያቱ በመንደርደሪያው ላይ የነበረው ከውሃ ጋር የተቀላቀለ የበረዶ ጭቃ ነው ብሎ ዓመታት ሙሉ ተከራከረ። የዚህ ዓይነት ጭቃ ጥልቀቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ የሚሮጥን አይሮፕላን ይህን ያህል ጐትቶ ሊይዝ መቻሉ በዚያን ጊዜ በቅጡ የታወቀ አልነበረም። በኋላ በእንግሊዝ አገር በተደረገው ሙከራ ነገሩ ታየ፤ በ1961 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ ምርመራም ካፒቴኑን ከወቀሳ ነጻ አወጣው። ስሙን ለማስመለስ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀበት ማለት ነው።

ዛሬ ያለው ሕግ በእንዲህ ያለ መከራ የተገዛ ነው። ለጄት መንገደኛ አይሮፕላኖች ዋናው የማረፊያ ደንብ እንዲህ ይላል፤ ጉዞው ገና ሳይጀመር ሲታሰብ፥ አይሮፕላኑ በሙከራ ጊዜ በደረቅ ሜዳ አርፎ ለመቆም የፈጀው ርቀት ከሚያርፍበት መንደርደሪያ ከ100 እጅ ከ60 እጅ መብለጥ የለበትም። በሙከራ ጊዜ 1,200 ሜትር የፈጀ አይሮፕላን እንግዲህ 2,000 ሜትር ያስፈልገዋል። መንደርደሪያው እርጥብ ይሆናል ተብሎ ከታሰበ በዚህ ላይ ከ100 እጅ 15 እጅ ይጨመርና 2,300 ሜትር ይሆናል። በመነሣትም ጊዜ ‹የውሳኔ ፍጥነት› የሚባል አለ፤ ከእርሱ በፊት ችግር ቢመጣ መቆም ይቻላል፤ ከእርሱ በኋላ ግን መነሣት ግድ ነው። መሬቱ ሲረጥብ መቆሚያው ስለሚረዝም ይህ የውሳኔ ፍጥነት ዝቅ ተደርጎ ይታሰባል። ይህም ባልበቃ ጊዜ ጭነት ይቀነሳል፤ ወይም ጉዞው ይቆያል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ሒሳብ የተመሠረተው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም የመንደርደሪያው ሁኔታ በትክክል መነገሩ ነው። ለብዙ ዘመን ይህ ይነገር የነበረው ‹ጥሩ›፥ ‹መካከለኛ›፥ ‹መጥፎ› በሚሉ ቃላት ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1998 ዓ.ም. (ዲሴምበር 8 ቀን 2005) በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ በሚድዌይ የአይሮፕላን ጣቢያ አንድ የሳውዝዌስት ኩባንያ ቦይንግ 737 በረዶ እየጣለ አረፈ፤ መቆም አቅቶትም አጥሩን ጥሶ ወደ መኪና መንገድ ወጣ። በመንገዱ ላይ በአንድ መኪና ውስጥ የነበረ የ6 ዓመት ሕፃን ሞተ። የአገሩ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋናው ምክንያት አብራሪዎቹ የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት መልሰው ለማስቆሚያነት ለመጠቀም መዘግየታቸው ነው አለ፤ መሬት ከነኩ 18 ሰኮንድ አልፎ ነበር። ነገር ግን ስለ መንደርደሪያው የደረሳቸው ወሬም የተደባለቀ ነበር፤ ከፊሉ ደኅና፥ ከፊሉ መጥፎ ተብሎ ተነግሯቸዋል። ቀደም ብሎ ያረፈ አብራሪ ‹መካከለኛ› ያለው ለሌላ ዓይነት አይሮፕላን ምን ያህል ሜትር እንደሆነ ቃሉ ራሱ አይናገርም።

ከዚህ አደጋ በኋላ አሜሪካኖች ሊቃውንት ሰብስበው ቃሉን ወደ ቍጥር የሚለውጥ ሥርዐት አወጡ። የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ይህንኑ መሠረት ያደረገ ደንብ ከጥቅምት 25 ቀን 2014 ዓ.ም. (ኖቬምበር 4 ቀን 2021) ጀምሮ በአባል አገሮች ሁሉ እንዲሠራበት አደረገ። በዚህ ደንብ መንደርደሪያው በርዝመቱ በሦስት ይከፈልና ለያንዳንዱ ክፍል ከ6 እስከ 0 ያለ ቍጥር ይሰጠዋል። 6 ደረቅ ማለት ነው። 5 እርጥብ ሆኖ የውሃው ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነው። ውሃው ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቍጥሩ በአንድ ጊዜ ወደ 2 ይወርዳል። 1 ለበረዶ ግግር፥ 0 ደግሞ ውሃ ለተኛበት ግግር ነው። የጐማ ጥቁር ላስቲክ ተለጥፎበት ወይም ገጽታው አልቆ ሲረጥብ የሚያዳልጥ መንደርደሪያ ደግሞ 3 ይባላል፤ ውሃው ጥቂት ቢሆንም ማለት ነው። አብራሪው ቍጥሩን ከአይሮፕላኑ ሰንጠረዥ ጋር አስተያይቶ የሚበቃው መሆኑን ይወስናል። ካረፈም በኋላ ፍሬኑ ከተነገረው የባሰ ሆኖ ካገኘው መልሶ ያስታውቃል፤ ለሚቀጥለውም ይነገራል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ሌሊት ነው እንበል፤ ዝናቡ አላባራም፤ አንድ ወጣት ሠራተኛ ፋኖሱን ይዞ በመንደርደሪያው ላይ ቆሟል። ‹5› ብሎ ቢጽፍ የሚጠባበቁት አይሮፕላኖች ሁሉ ያርፋሉ፤ የሚቈጣውም አይኖርም። ‹2› ብሎ ቢጽፍ አንዳንዱ ወደ ሌላ ከተማ ይዞራል፤ መንገደኛ ያጕረመርማል፤ ኩባንያ ይከስራል፤ አለቃም ስልክ አንሥቶ ‹በርግጥ ለክተሃል?› ብሎ ይጠይቃል። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በዓይን ሲታይ ከአንድ ሳንቲም ውፍረት ብዙ አይበልጥም። ሕጉ የተጻፈው በሊቃውንት ነው፤ የሚፈጸመው ወይም የሚፈርሰው ግን በዚህ ወጣት እጅ ነው። ከተጠያቂነት ለማምለጥ ሲል ሁልጊዜ መጥፎውን ቍጥር የሚጽፍም ቢሆን ሥራውን ሠራ አይባልም፤ ዘወትር በከንቱ የሚጮኽ ጠባቂ ሌባ የመጣ ዕለት ሰሚ ያጣልና።

እርግጥ ነው፤ ቍጥር ብቻውን አያድንም። ነሐሴ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. (ኦገስት 7 ቀን 2020) በሕንድ አገር በኮዚኮድ፥ በተራራ አናት ላይ በተሠራው መንደርደሪያ፥ የኤር ኢንዲያ ኤክስፕረስ አይሮፕላን በዝናብና ከኋላ በሚገፋ ነፋስ አርፎ ገደል ገባ፤ ከ190 ሰዎች 21 ሞቱ። ምርመራው እንደገለጠው አይሮፕላኑ መሬት የነካው የመንደርደሪያው እኩሌታ ገደማ ካለፈ በኋላ ነበር። አቀራረቡ ሳይስተካከል ሲቀር ተነሥቶ እንደገና መሞከር እንደሚገባ ደንቡ ያዝ ነበር። ስለዚህ መሬት ላይ ያለው ሰው እውነቱን የመናገር፥ አየር ላይ ያለው ደግሞ የተነገረውን የማክበር ዕዳ አለባቸው።

ይህ ነገር ለእኛም አገር ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ በረዶ መንደርደሪያ ሸፍኖ አይተኛም፤ ክረምቱ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡን ያወርደዋል። ከዚህም ሌላ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ አይሮፕላን በባሕር ዳርቻ ከሚያርፍበት ፍጥነት ከ100 እጅ 12 እጅ ያህል ጨምሮ መሬት ይነካል፤ ፍሬኑ ሊያበርደው የሚገባው ኃይልም በሩብ ያህል ይጨምራል። ረዣዥሞቹ የቦሌ መንደርደሪያዎች ለዚህ የታሰቡ ናቸው፤ ነገር ግን የመንደርደሪያ ርዝመት የመለኪያን ታማኝነት አይተካም።

ካፒቴን ቴይን ስሙን ለማስመለስ ያን ያህል ዘመን የደከመው የዚያን ቀን የበረዶ ጭቃ ምን ያህል እንደ ያዘው የሚናገርለት መለኪያ ስላልነበረ ነው። ዛሬ መለኪያው አለ። ወጣቱ ሹም በሚጽፈው በእያንዳንዱ ቍጥር ላይ ስማቸውን የማያውቃቸው፥ ፊታቸውን የማያያቸው ሰዎች ሕይወታቸውን አደራ ይሰጡታል፤ አንድ ቀን ክርክር ቢነሣም ለንጹሑ ሰው ምስክር የሚሆነው ይኸው ቍጥር ነው። በመንደርደሪያም ላይ ሆነ በጽሕፈት ቤት፥ የታየውን እንደ ታየ መጻፍ ለአለቃ ከመታዘዝ የሚቀድም ግዴታ መሆኑን ከወዲሁ መልመድ ይገባናል።