ድንጋዩስ ተጠገነ!

እኔ የምለው... የሞስታር ነገር ሲነሳ ሁሉም ሰው ድልድዩ ላይ ብቻ የሚቆመው ለምንድን ነው? “ጦርነት ያፈረሰው ድልድይ እንደገና ተሠራ፤ የተለያዩትም ሰዎች ተገናኙ” ይሉናል። ደስ የሚል ተረት ነው፤ ችግሩ ተረት መሆኑ ላይ ነው።

ሞስታር ቦስኒያና ሄርዞጎቪና ውስጥ፣ የኔሬትቫ ወንዝ መሀሏን ሰንጥቆ የሚያልፍ ትንሽ ከተማ ናት። የኦቶማኑ መሐንዲስ ሚማር ሃይሩዲን በ1566 (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው) የጨረሰው ባለ አንድ ቅስት የድንጋይ ድልድይ 427 ዓመት ቆሟል። ኖቬምበር 9 ቀን 1993 የክሮአት ኃይሎች ደብድበው ወንዙ ውስጥ ጣሉት። በ2004 በቀድሞ መልኩ ተሠርቶ ተመረቀ፤ በ2005 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እሰየው!

ግን ልብ በሉ፤ ጦርነቱ ከተማዋን ለሁለት የከፈላት ወንዙ ላይ አይደለም። የጦር ግንባሩ በአብዛኛው ከወንዙ በስተምዕራብ ያለው “ቡሌቫር” የሚባለው ጎዳና ነበር። ድልድዩ በሁለቱም ጫፉ የቦስኒያኮች ይዞታ ነው። ታዲያ ማንን ከማን አገናኘ? ጎዳናውንስ ማን ይሻገረው?

“እነሱ ድሮም የማይዋደዱ ሕዝቦች ናቸው” የሚልም አይጠፋም። ሐሰት ነው! በ1992 የሰርብ ኃይሎች ከተማዋን ሲደበድቡ ክሮአቶችና ቦስኒያኮች አብረው ተከላክለዋል። እርስ በርስ የተፋጁት በዓመቱ ነው። ጠቡ ከአያት የተወረሰ ሳይሆን ለሥልጣንና ለግዛት ሲባል የተደገሰ ነው።

ድግሱም ከጦርነቱ በኋላ አላበቃም። በዚያው ጎዳና አጠገብ ባለው ጂምናዚየም የክሮአትና የቦስኒያክ ተማሪዎች አንድ ጣሪያ ሥር በሁለት ሥርዓተ ትምህርት እንዲማሩ ተደረገ። ፖለቲከኞቹ በምርጫ ደንብ መስማማት ስላቃታቸው ከ2008 እስከ 2020 ድረስ፣ 12 ዓመት ሙሉ፣ የከተማ ምክር ቤት ምርጫ አልተካሄደም። ኢርማ ባራሊያ የምትባል የከተማዋ ነዋሪ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ አገሯን በ2019 ረታች። ድምፅ ለመስጠት ስትራስቡርግ ድረስ የሚያስኬድ እርቅ ምን ዓይነት እርቅ ነው?

ድልድዩ አይሠራ አላልኩም። ቅርስ ነው፤ ይሠራ! ሪባን ተቆርጦለት፣ ፎቶ ተነስቶ “እርቅ” አትበሉኝ ነው የምለው። ሲያዩት ያምር፣ ሲበሉት ያቅር ይሏል ይሄ ነው። ድንጋይ አይከራከርም፤ ጠርበው ካስቀመጡት ይቀመጣል። ሰው ግን ፍትሕ ይጠይቃል፣ ለልጁ የጋራ ትምህርት ቤት ይጠይቃል፣ የምርጫ ካርድ ይጠይቃል። ይህን የሚከለክሉት ደግሞ መድፈኞች አይደሉም፤ ከመለያየቱ ወንበር የሚያገኙ፣ ከረባት ያሰሩ ሰዎች ናቸው።