የወለደችው ነርስ ዕዳ አይደለም

አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን የወሊድ ፈቃድ አላት። መውጫዋ ከወራት በፊት የሚታወቅ ነው፤ ድንገተኛ ነገር የለበትም። ያም ሆኖ በብዙ ቦታ ምትክ ሳይመደብ ይቀርና ስሟ ከተረኞች ሰሌዳ ላይ ይሰረዛል፤ የእሷ አዳር ለቀሩት ይከፋፈላል። ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ማጉረምረሙ ይጀምራል፤ የሚነሳውም የእሷ ስም ነው። የታመመ፣ ለትምህርት የሄደ፣ ዝውውር የጠየቀ ሁሉ በየተራው ይኸው ይደርሰዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ጉዳዩ ለይፋግ ከተማና ለአካባቢዋ የሠራተኞች ኩርፊያ ብቻ አይደለም። ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ፣ በፎገራ ሜዳ ዙሪያ፣ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይበረታል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላ አዛር የተባለው በሽታ ሲነሳ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ሁለቱን ለመጠርጠርና ለመለየት ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ማለፉን መጠየቅ፣ በሽተኛውን አስተኝቶ በግራ ጎኑ በኩል ጣፊያው ማበጡን በእጅ መዳሰስ፣ ከዚያም ደም መመርመር ያስፈልጋል። የሌላ ሰው አዳር ደርባ ያነጋች ነርስ ደጁን የሞላውን ሰልፍ እያየች ዳሰሳውን ብትዘለው የሚገርም አይሆንም።

አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በመመዘኛው 25 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ስንት ነርስ፣ ስንት አዋላጅ፣ ስንት የላቦራቶሪ ባለሙያ እንደሚያስፈልገው መዋቅሩ ያስቀምጣል። በመዋቅር የተፈቀደ መደብ ግን በጀት ካልተያዘለት ወረቀት ላይ ይቀራል። ቅጥሩ የወረዳው ነው፤ ወረዳው ደግሞ የክልሉን ድጎማ ይጠብቃል፤ የሚደርሰውም አብዛኛው ለደመወዝ ያልቃል። የበጀቱ ጥበት እውነት ነው፤ የጸጥታው ችግርም ተጨምሮበታል። ሰበብነቱ ግን ሩቅ አይሄድም፤ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ጤና ባለሙያዎች በየከተማው አሉና። ባዶ የተተወ መደብ ለቀጣሪው ደመወዝ ያተርፍለታል፤ ሒሳቡን የሚከፍሉት ተረኛዋና በሽተኛው ናቸው። የትርፍ ሰዓት ክፍያው በወቅቱ ሳይመጣ ሲቀርማ ዕዳው እጥፍ ነው።

የግል ክሊኒኮችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ከልክሏል። የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ ባይዳኙም የሥራ ሰዓት ገደብና ዕረፍት የሠራተኛ መብት መሆኑን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ደንግጓል።

ፈርሞ የሚጠፋ ሠራተኛ የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ባልደረቦቹም ያውቁታል። እሱን መጠየቅ ግን የኃላፊው ሥራ ነው፤ ኃላፊው ዝም ባለ ቁጥር ጥፋቱ ተመልሶ የቀጣሪው ይሆናል።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች በየጤና ጣቢያው ስንት መደብ እንደተፈቀደና ስንቱ እንደተያዘ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፉ። የወሊድ ፈቃድ ከመጀመሩ በፊት የኮንትራት ምትክ ይቅጠሩ፤ የአዳሩን ክፍያ ከደመወዝ ጋር ይክፈሉ። ሠራተኞችም ቅሬታቸውን በጽሑፍ ለወረዳው ያቅርቡ፤ በማመልከቻው ላይም የወለደችው ባልደረባ ስም ሳይሆን ያልተሞላው መደብ መታወቂያ ቁጥር ይጻፍ።