ሦስቱ ይያዙ፣ አንዱ ይሂድ



ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት ተማሪያችን ወደ ማታው ትምህርት ሲመጡ ቀኝ እጃቸው በፋሻ ታስሮ ነበር። እርሳስ መያዝ አልቻሉም።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ፍየሏ ናታ ልጄ! ገደል ላይ ወጥታ ቆመች። ላወርዳት ወጣሁ። መውጣቱንስ ወጣሁት። መውረዱ ነው የጣለኝ» አሉኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ጥቂት ከፍ ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከመካከላችን ባልተገኙ ነበር።

እናንተ በጨርጨር ተራሮች የምትኖሩ፣ ከጭሮም ሁኑ ከሂርና፣ ከበዴሳም ሁኑ ከገለምሶ፣ ገደል ታውቃላችሁ። ለከብት፣ ለሣር፣ ለማር ስትሉ ዓለት ትወጣላችሁ። አወጣጡን ግን ማን አስተማራችሁ?

በትግራይ ደብረ ዳሞ የሚባል አምባ አለ። አናቱ ላይ ገዳም አለ። ገዳሙን በ6ኛው መቶ ዓመት አቡነ አረጋዊ እንደመሠረቱት ይነገራል። የሚወጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። መውጫው 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ገደል ነው። በቆዳ ገመድ ይወጣል። መነኮሳቱ ለምደውታል። ለእንግዳ ግን ሁለተኛ ገመድ ይወርድለትና ወገቡ ላይ ይታሰራል። እሱ አንደኛውን ይዞ ሲወጣ፣ ከላይ ያሉት ሁለተኛውን ይስባሉ። እጁ ቢያመልጠው ሁለተኛው ገመድ ይይዘዋል።

አያችሁ? ጀማሪ ያዥ ያስፈልገዋል።

የት እንልመድ?

ለጀማሪ የሚሆነው ከሰው ቁመት የማይበልጥ ዓለት ነው። ደረቅ ይሁን። የማይፈረፈር ይሁን። ከሥሩ ሣር ያለበት ሜዳ ይሁን። ሐይቅ ዳር ያለ ዓለት ለዓይን ያምራል። ብንወድቅ ውሃው ይቀበለናል ያሰኛል። ግን ያታልላል። ከውሃው ሥር ድንጋይ ሊኖር ይችላል። እርጥብ ዓለት የድንጋይ ሽበት ያበቅላል፤ ያንሸራትታል። ዋና የማይችል ሰውም ይሰጥማል። ስለዚህ በሜዳው በኩል ያለውን ዓለት ምረጡ።

እንዴት እንውጣ?

እጅ ሁለት፣ እግር ሁለት፣ በጠቅላላው አራት። ሦስቱ ዓለቱን ይያዙ፤ አንዱ ብቻ ይሂድ። እሱ ሲይዝ ሌላው ይሂድ።

የምትጨብጡትን ድንጋይ አስቀድማችሁ መታ መታ አድርጉት። ከተነቃነቀ ተዉት።

ክብደታችሁን በእግራችሁ ላይ ጣሉ። ክንድ ቶሎ ይደክማል። እግር ግን ቀኑን ሙሉ ሲሸከመን ይውላል።

ሳትወጡ በፊት መውረጃውን እዩ። ስትወጡ መጨበጫው በዓይናችሁ ፊት ነው። ስትወርዱ ግን መርገጫው አይታያችሁም።

ዝናብ ከጣለ በኋላ አትውጡ። ብቻችሁንም አትውጡ።

ሰው ቢወድቅና አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው አትጎትቱት፣ አታስቀምጡት። እንደተኛ ጠብቁት። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሰው ላኩ።

ፍየሏስ ምን ሆነች? ማታ ጨው ሲያሳዩአት በራሷ እግር ወረደች!

ጥያቄዎች

1. አባባን የጣላቸው መውጣቱ ነው ወይስ መውረዱ?

2. በደብረ ዳሞ ሁለተኛው ገመድ ለምን ይጠቅማል?

3. «ሦስቱ ይያዙ፣ አንዱ ይሂድ» የሚለውን በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያም ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።